አሰብ ከዓለም ባንክ ጀርባ

ሐምሌ መጨረሻ ላይ ነው። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ጠዋት ጋብ ብሎ ነበር። ዓለም ባንክ በሚባለው ሰፈራችን፣ ከኮንዶሚኒየማችን ጀርባ ባለው ኮረኮንች መንገድ ላይ የጭነት መኪና ጎማ የቆፈረው ጉድጓድ ውሃ ሞልቶ፣ ውሃው ውስጥ ደግሞ ሰማዩ ከነደመናው ተኝቶ አየሁ። ባዶ የማዳበሪያ ጆንያ አነጠፍኩና እኔም አጠገቡ በሆዴ ተኛሁ።

የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ፣ ዕድሜዬ አርባ ሦስት፣ የሁለት ልጆች እናት። እንደኔ ያለች ሴት በጠዋቱ መንገድ ላይ በሆዷ ብትዘረጋ ሰፈሩ ምን ብሎ እንደሚተረጉመው ያኔ ትዝ አላለኝም። ካሜራዬን ከውሃው ጋር አንድ ልክ ላይ ለማድረግ አንገቴን አጣምሜ፣ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ትንፋሼን ውጬ ሳለሁ ከኋላዬ አንዲት ሴት ጮኸች።

"ኧረ ቲቸር ወደቀች! ኧረ የሰው ያለህ!"

ደህና ነኝ ለማለት ሞከርኩ። ትንፋሼን ይዤ ስለነበር የወጣው ድምፅ ግን ከማቃሰት አይለይም። የብዙ ሰው ኮቴ ወደኔ ሲሮጥ ሰማሁ። አንዱ እግሬን ያዘ፣ ሌላው ትከሻዬን ገለበጠ፣ "ክብሪት! ክብሪት ጫሩላት!" የሚል ትእዛዝ ተሰጠ። ወዲያው አፍንጫዬ ሥር ክብሪት ተጭሮ ሽታው አንጎሌ ድረስ ዘለቀ። የሚጥል በሽታ ኖሮብኝ አያውቅም፤ በዚያ ክብሪት ግን ሊጀምረኝ ምንም አልቀረውም።

"ፎቶ እያነሳሁ ነው!" አልኩ በማስነጠስ መካከል።

"ምን አለች?"

"ትቀባዥራለች። አይዞሽ ቲቸር፣ አትናገሪ፣ አሁን ይለቅሻል።"

እየታገልኩ ተነስቼ ካሜራዬን ከፍ አድርጌ ባላሳይ ኖሮ ጤና ጣቢያ መወሰዴ ነበር። አሥራ አምስት የሚሆኑ ሰዎች ከበውኛል። ክብሪት የጫሩልኝ ሴትዮ ቀሚሴ ላይ ያለውን ጭቃ እያራገፉልኝ፣ "የምን ፎቶ?" አሉ።

"የውሃው።"

ሁሉም ዞረው ውሃውን አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ። ከዚያ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ታምሜ ቢሆን ኖሮ ከዚህ የተሻለ ደስ የሚላቸው መሰለኝ፤ ቢያንስ ቤታቸው ገብተው የሚያወሩት ነገር ይኖራቸው ነበር። "እግዜር ይማርሽ" ብለውኝ አንድ በአንድ ተበተኑ።

ያልሄዱ አንድ ሰው ብቻ ነበሩ። ጥቁር ጃንጥላ የያዙ፣ ቀጠን ረዘም ያሉ፣ ሰባ አምስትን ያለፉ ሽማግሌ። ከመንገዱ ማዶ ባለው ቆርቆሮ አጥር ግቢ እንደሚኖሩና የጭነት መኪና ሾፌር የነበሩ መሆናቸውን በሩቁ አውቃለሁ፤ ከሰላምታ ያለፈ ነገር ግን ተነጋግረን አናውቅም።

"እስቲ ልየው" አሉኝ።

የካሜራውን መስኮት አዞርኩላቸው። ጃንጥላቸውን በብብታቸው አድርገው ጎንበስ አሉና ቆዩ። እንደዚያ ቆይቶ ያየልኝ ሰው አልነበረም።

"ይሄማ ባሕር ነው" አሉ በመጨረሻ። ጉድጓዱን በጃንጥላቸው ጫፍ ነካ አድርገው ውሃነቱን ካረጋገጡ በኋላ፣ "ወይ ጉድ" ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ካሜራውን የሰጠኝ ታናሽ ወንድሜ ነው። ሠርግ አንሺ ነው፤ አዲስ ሲገዛ አሮጌውን ለኔ ወረወረልኝ። "ሠርግ እንዳታነሺበት ብቻ፣ እንጀራዬን ትዘጊያለሽ" አለኝ እየሳቀ። ካሜራው የሚያተኩረው ደስ ሲለው ነው፤ ደስ ካላለው ሌንሱ እንደ ጢንዚዛ ጥዝ እያለ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይሄዳል እንጂ አይቆምም። ሠርግ አላነሳሁበትም። ያነሳሁበት ጎመን ላይ የቀረ የዝናብ ጠብታ፣ ቀለሙ ተልጦ አህጉር የመሰለ የደረጃችን ግድግዳ፣ እርጥብ ድንጋይ ላይ የበቀለ አረንጓዴ ነገር ነው፤ ይሄ የመጨረሻው በጣም ሲቀርቡት ጥቅጥቅ ያለ ደን ይሆናል። ትንሹን ነገር ትልቅ አገር ማስመሰል ደስ ይለኛል። ሃያ ዓመት ሙሉ ትልልቅ አገሮችን በትንሽ ወረቀት ላይ ሳስተምር ስለኖርኩ ይሆናል።

ተመልካቼ ባለቤቴ ነው። ኮልፌ 18 ማዞሪያ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አለው። ምሳ በልተን ስንጨርስ የቀኑን ፎቶ አሳየዋለሁ፣ እሱም መነጽሩን አውልቆ ይገምታል።

"ስታዲየም ነው።"

"የድስት ክዳን ነው።"

"ይሄኛውስ የግመል ጉልበት መሆን አለበት።"

"ዝንጅብል ነው።"

አንድ ቀን እንኳ አግኝቶ አያውቅም፣ ተስፋ ቆርጦም አያውቅም። የጉድጓዱን ውሃ ሳሳየው ግን ያለ ማመንታት "ባሕር" አለ። በትዳራችን ውስጥ ከሌላ ሰው ጋር የተስማማበት የመጀመሪያው ፎቶ ነው።

ከሦስት ቀን በኋላ ሽማግሌው ቤታችን መጡ። ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው ጃንጥላቸውን ጉልበታቸው መካከል አቆሙና ሻይ እስኪቀርብላቸው ስለ ክረምቱ አወሩ። ሻዩን ፉት ካሉ በኋላ ወደ ጉዳያቸው ገቡ።

"ቲቸር፣ እኔ ሃያ ምናምን ዓመት አሰብ ተመላልሻለሁ። በተሳቢ። መንገዱን እንደ እጄ መዳፍ ነው የማውቀው።"

"አውቃለሁ ጋሼ።"

"አንቺ ታውቂያለሽ። አንድ የማያውቅ ሰው አለ።"

ያ የማያውቅ ሰው 18 ማዞሪያ አንድ ኪዮስክ ጥግ የዳማ ጓደኛቸው የሆኑ ልብስ ሰፊ ናቸው። ሁለቱ ሽማግሌዎች በቆርኪ ዳማ ሲጫወቱ ስንት ዓመታቸው፤ ልብስ ሰፊው ሊሸነፉ በደረሱ ቁጥር የሚመዙት አንድ ነገር አለ። "አንተ እኮ አሰብ ደርሰህ አታውቅም፤ ግማሽ መንገድ ላይ፣ ሚሌ ነው ጭነቱን ለሌላ ሰጥተህ የምትመለሰው" ይሏቸዋል። ሲጀመር ቀልድ ነበር። ከጊዜ ብዛት በዙሪያው የሚቀመጡት ሁሉ አመኑት። አሁን ሰላምታቸው ራሱ "እንዴት አደርክ ሚሌ" ሆኗል።

"ፎቶ የለዎትም?" አልኳቸው።

"ተነስቼ ነበር። ወደቡ ዳር አንድ ፎቶ አንሺ ነበረ። ውሃው ዳር አስቀምጦ አነሳኝና፣ በሚቀጥለው ስትመጣ ትወስደዋለህ አለኝ። በሚቀጥለው መንገዱ ተዘጋ።" ሻያቸውን አማሰሉት፤ ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል። "እስካሁን አስቀምጦልኝ እንደሆነ አላውቅም።"

ባለቤቴ ሻይ ጨመረላቸው።

"ያንን የጎማ ጉድጓድ ባሕር ካደረግሽው" አሉ፣ "እኔን ደግሞ ዳሩ ላይ ብታስቀምጪኝስ?"

"ጋሼ፣ እኔ እኮ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። አሰብን ዓለም ባንክ ካመጣሁት መስከረም ላይ ለተማሪዎቼ ምን እላቸዋለሁ? ውሸት ይሆናል።"

"ቆይ። አሰብ ነበርኩ ወይስ አልነበርኩም?"

"ነበሩ።"

"ፎቶ ተነስቻለሁ ወይስ አልተነሳሁም?"

"ተነስተዋል።"

"ታዲያ ውሸቱ የቱ ላይ ነው? ውሃው ብቻ ነው የሚለወጠው።"

ባለቤቴ ከተቀመጠበት፣ "እውነታቸውን ነው" አለ። እሱን ማን ጠየቀው።

አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቁኝ፤ ለሚስታቸው እንዳልናገር። ደረታቸውን ስለሚያማቸው ሐኪም ከብርድ ተጠንቀቅ ብሏቸዋል፤ እትዬ ደግሞ የሐኪሙን ቃል ከሐኪሙ በላይ ይጠብቃሉ።

ቦታው አላሳሰበኝም። ከሰፈራችን ወጣ ብሎ ለሕንፃ መሠረት የተቆፈረ ሰፊ ጉድጓድ አለ፤ ሥራው ለክረምቱ ቆሞ ዝናብ ሞልቶታል፤ ዳር ዳሩ ቁርጭምጭሚት አያሰጥምም። በማግሥቱ ጠዋት ሄደን አየነው። ውሃው ግሩም ነው፤ ችግሩ ሌላው ሁሉ ነው። በምዕራብ ወጨጫ ተራራ እንደ አጎት ተገትሯል። በምሥራቅ ኮንዶሚኒየሙ ከነሰማያዊ የውሃ ሮቶው፣ በደቡብ ቆርቆሮ አጥር፣ በሰሜን ባሕር ዛፍ። በዙሪያው ባሕር የሚባል ነገር ቢኖር ዛፉ ብቻ ነበር።

ካሜራዬን ሳወጣ የግንባታው ዘበኛ ከዳሱ ወጥቶ መጣ። ካፖርቱ ከሱ ይበልጣል።

"እዚህ ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው።"

"ግንባታውን አይደለም፣ ውሃውን ነው" አልኩት።

"ውሃውም የድርጅቱ ነው።"

"ዝናብ እኮ ነው ያመጣው!"

"ከገባ በኋላ የድርጅቱ ነው።"

ሽማግሌው ቀረብ ብለው፣ "ልጄ፣ ምን እንዳይታይብህ ነው የምትፈልገው?" አሉት።

ዘበኛው አሰበ። "ምንም እንዳይታይ።"

"እኛም የምንፈልገው እሱኑ ነው። ተራራውም፣ አጥሩም፣ ሕንፃውም፣ ምንም እንዳይታይ። እንዴት እናድርግ?"

ዘበኛው እንደዚህ ዓይነት ፎቶ አንሺ ገጥሞት አያውቅም። አንዴ ወደ ወጨጫ፣ አንዴ ወደ ኮንዶሚኒየሙ እያየ ከልቡ ማሰብ ጀመረ። "ጉም ሲኖር ኑ" አለ። "ጉም ሲሆን እኔ ራሴ ዳሴን አላየውም።"

እንዲህ ሆነ መላው የተገኘው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሽማግሌው በየማለዳው፣ ልክ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይደውሉልኝ ጀመር። ሰላምታ የላቸውም። "የለም" ብለው ይዘጉታል። በነጋታው "የለም"። በሦስተኛው "ቀጭን አለ፣ ኮንዶሚኒየሙ ይታያል"። ባለቤቴ ትራስ ጭንቅላቱ ላይ ጭኖ፣ "ማነው?" ሲለኝ "የአየር ጠባይ ትንበያ" እለው ነበር። ነሐሴ ገባ። አንድ ሳምንት አለፈ። በአሥረኛው ቀን ስልኩ ሲጮህ ሽማግሌው ድምፃቸው ተለውጧል።

"ቲቸር! ኮንዶሚኒየሙ ጠፋ!"

የባለቤቴን ቦቲ ጫማ አጥልቄ ሮጥኩ። እውነትም ዓለም የለም። ነጭ ጉም ከመሬት እስከ ሰማይ ተነጥፏል፤ ከአምስት እርምጃ በላይ ያለ ነገር ሁሉ ጠፍቷል። ከውሃው የሚታየው እግራችን ሥር ያለው ብቻ ነው፤ ቀሪው ከጉሙ ጋር ገጥሞ ማለቂያ የለውም። ሽማግሌው ጋቢ ተከናንበው ጠበቁኝ። ሲያዩኝ ጋቢውን አውልቀው ለዘበኛው ሰጡትና እኔም ዘበኛውም ደነገጥን። ከላይ ቁልፉ እስከ ደረት የተከፈተ ነጭ ሸሚዝ፣ ከታች ወገባቸው ላይ የተጠመጠመ ባለ መስመር ሽርጥ፣ እግራቸው ላይ ነጠላ ጫማ።

"የአሰብ ልብሴ ነው" አሉ። "ሳጥን ውስጥ አስቀምጬው ነበር።"

ዘበኛው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ "እኚህ አባት ደህና ናቸው?" አለኝ።

ድንጋይ ላይ ውሃው ዳር አስቀመጥኳቸው። እኔ ጭቃው ላይ በሆዴ ተኛሁ፤ በዚህ ጊዜ ክብሪት የሚጭር አልነበረም። ግን የሚታየኝ አሰብ ሳይሆን በነሐሴ ብርድ የሚንቀጠቀጥ የኮልፌ ሰው ነው። ጥርሳቸው ይንገጫገጫል፣ ጉልበታቸው ይርገፈገፋል፣ ሽርጡ ይውለበለባል። ካሜራዬም በጉሙ ግራ ተጋብቶ ጥዝ ይላል።

"ጋሼ፣ አሰብ እኮ ነው! ይሙቅዎት እንጂ!"

"እየሞከርኩ ነው ልጄ!"

"ላብ ያስፈልጋል" አለ ዘበኛው። ሥራውን ወዶታል። እጁን ውሃው ውስጥ ነክሮ የሽማግሌውን ግንባር ረጨው። መንቀጥቀጡ በእጥፍ ጨመረ። አነሳሁ፣ አነሳሁ፣ ሁሉም ላይ ሽማግሌው ሁለት ሁለት ሆነው ወጡ።

በዚህ መሃል ከማዶ የሞተር ድምፅ ሰማን። አንድ ሚኒባስ ከጉሙ ወጥቶ፣ ቀስ ብሎ ውሃው ውስጥ ገባና ቆመ። ሾፌሩ ላቫጆ ከመሄድ ይሻለኛል ብሎ በነፃ ሊያጥበው የመጣ ይመስላል፤ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ በጣሳ ይቀዳል።

"ኧረ ውጣልን!" ብዬ ጮህኩ። ጉሙ ድምፄን በላው።

ሽማግሌው ዞረው አዩት። ብዙ ቆዩ። ከዚያ እጃቸውን ከፍ አደረጉ።

"ተዪው። መርከብ ነው።"

በካሜራው አየሁት። ሰማያዊው የታች አካሉ ከውሃው ጋር ተዋህዶ ጠፍቷል፤ ነጩ ጣሪያው ብቻ ጉሙ ላይ ተንሳፍፏል። እውነትም ሩቅ ቦታ መልሕቁን የጣለ መርከብ ነበር። ሚኒባስ እንደዚያን ቀን አድንቄ አላውቅም።

ሽማግሌው መርከቡን እያዩ ማውራት ጀመሩ፤ ለኔ ይሁን ለራሳቸው አልገባኝም። "ቀትር ላይ ውሃው እንደ መስታወት ነው። ዓይን ይወጋል። መኪናችንን አቁመን ወረፋ እስኪደርሰን እንዲህ ቁጭ ብለን..." እጃቸውን ቅንድባቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን አጨነቆሩ። መንቀጥቀጡ ቆመ። ትከሻቸው ወረደ። ጣቴን ልጫን ስል፦

"አንተ ሰውዬ! ጥምቀት እኮ ጥር ላይ ነው!"

እትዬ ናቸው። ጃንጥላቸውን እንደ ጦር ይዘው ከጉሙ ወጡ። ሽርጡ ከሳጥን መጥፋቱን አይተው፣ ሰው ጠይቀው፣ የሽማግሌውን የነጠላ ጫማ ዱካ በጭቃው ላይ ተከትለው ነው የደረሱት። ባላቸውን ከላይ እስከ ታች አዩ። ግንባራቸው ላይ ያለውን ውሃ፣ የተከፈተውን ደረት፣ ሽርጡን። ልሰደብ ተዘጋጅቼ ጭቃው ውስጥ ይበልጥ ተለጠፍኩ። እሳቸው ግን አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው ሳቁ። ቆመው መሳቅ ሲያቅታቸው የዘበኛውን ክንድ ደገፉ።

"ምን እያደረጋችሁ ነው?" አሉ ሳቁ ሲበርድላቸው።

"አሰብ ነን" አሉ ሽማግሌው።

የእትዬ ፊት ተለወጠ።

"ብቻህን?"

ሽማግሌው ሽርጣቸውን አስተካከሉ።

"ሃያ ዓመት ሙሉ፣ በሚቀጥለው ጉዞ እወስድሻለሁ፣ ባሕሩን አሳይሻለሁ ስትለኝ አልነበረም?"

"መንገዱ ተዘጋ እኮ።"

"ከመዘጋቱ በፊት ስንት ጉዞ ነበር?"

ሽማግሌው ወደ መርከቡ ዞሩ። እትዬ ጃንጥላውን ለኔ፣ ሹራባቸውን ለዘበኛው ሰጡ፤ ነጠላቸውን ወደ አንገታቸው መለሱት። ከሥር ትልልቅ ቢጫ አበባ ያለው ቀሚስ ለብሰዋል። ጫማቸውን አውልቀው ድንጋዩ ላይ ከባላቸው አጠገብ ሄደው ቆሙ።

"ጠጋ በል።"

"እትዬ" አልኩ ከጭቃው ውስጥ፣ "ፎቶው ጋሼ አሰብ ለመሄዳቸው ማስረጃ ነው። እርስዎ ደግሞ አሰብ ሄደው አያውቁም። ካሉበት እኮ..."

"አሁን መጣሁ አይደል?"

ተቀመጡ። ሚኒባሱ ላይ የሚደፋው ውሃ ይሰማል።

"ምኑ ነው የሚታየው?" አሉ እትዬ።

"መርከቡ።"

"የታል?"

"ያውልሽ።" ሽማግሌው አንድ እጃቸውን ቅንድባቸው ላይ መልሰው በሌላው አመለከቱ።

እትዬ አንገታቸውን አስግገው ሚኒባሱን አዩ። "ትልቅ ነው" አሉ ቀስ ብለው። ያኔ ካሜራዬ ምን እንደነካው እንጃ፣ ጥዝ ማለቱን አቁሞ ቆመ። ተጫንኩት።

ቤት ገብቼ ሳየው ካነሳኋቸው ሁሉ ጥርት ብሎ የወጣው ያ አንድ ብቻ ነበር። በሌሎቹ ላይ ሽማግሌው የባሕር መንፈስ ይመስላሉ። ባለቤቴ መነጽሩን አውልቆ አየውና፣ "እትዬ ደግሞ መቼ ነው አሰብ የሄዱት?" አለ። ጦር ኃይሎች አንድ ፎቶ ቤት በትልቁ አሳጥቤ፣ ካርቶን ላይ አስለጥፌ ወሰድኩላቸው። ሽማግሌው እትዬን ከፎቶው ላይ መቁረጥ ይቻል እንደሆነ በሹክሹክታ ጠየቁኝ፤ ከጓዳ ሳል ሰሙና ጥያቄውን ተዉት። "ባይሆን አንድ ጊዜ ደብቄ ወስጃት ነበር እላለሁ" አሉ።

ቅዳሜ ከሰዓት አብሬያቸው 18 ማዞሪያ ሄድኩ። የራሴ ሥራ ሰው ፊት ሲቀርብ ሳይ የመጀመሪያ ጊዜዬ ነበር። ኪዮስኩ ጥግ ስድስት ሰባት ሰዎች ዳማውን ከበዋል። ልብስ ሰፊው አጠር ደልደል ያሉ ናቸው፤ መለኪያ ሜትር አንገታቸው ላይ እንደ ስካርፍ ተንጠልጥሏል።

"እንዴት ዋልክ ሚሌ" አሉ ቀና ሳይሉ።

ሽማግሌው ምንም ሳይናገሩ ፎቶውን ዳማው ላይ አስቀመጡት። ሰዎቹ ተንጠራሩ። "ኧረ ባሕር!" "መርከብ፣ መርከብ አለው!" "ታዲያ ስንት ዘመን ሲያስለፋን!" የሚል ተሰማ። ልብስ ሰፊው ክር መርፌ ላይ የሚያስገቡበትን መነጽራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው አደረጉ። ፎቶውን አንስተው አፍንጫቸው ድረስ አቀረቡት። ባሕሩንም መርከቡንም አላዩም። ጣታቸውን የእትዬ ቀሚስ ላይ አሳረፉ።

"ይሄን ቀሚስ የሰፋሁት እኔ ነኝ።"

ሰዎቹ ወደ ሽማግሌው ዞሩ።

"ለዘንድሮ ፋሲካ። ጨርቁ አንሶኝ እጅጌው ላይ አበባው ተገልብጦ ነው የተቀጠለው። ይኸው፣ አበባው ቁልቁል ያያል። ባለቤትህ አላወቀችብኝም።"

ከመንገዱ የአንድ ሚኒባስ ረዳት "ዓለም ባንክ! ዓለም ባንክ!" እያለ ይጣራል። ከከበቡት አንዱ መሳቅ ጀመረ፣ ሌሎቹም ተከተሉት። ሽማግሌው ቆርኪዎቹን እያዩ ጃንጥላቸውን አጥብቀው ያዙ። ጆሯቸው ቀላ። ያን ጊዜ ካሜራውን ለወንድሜ ልመልስና ከእንግዲህ ካርታ ብቻ ልይ ብዬ በልቤ ማልኩ።

"ጥፋቱ የኔ ነው" አልኩ። "እሳቸው አይደሉም፣ እኔ ነኝ..."

"ቆይ ቲቸር" አሉ ልብስ ሰፊው። ፎቶውን ገና አልለቀቁትም። ሳቁን በእጃቸው አስቆሙት። "እጁን አያችሁት?"

ማንም አልገባውም።

"ፀሐይ የለም። ጥላ የላቸውም፣ ልብሱም እርጥብ ነው። እሱ ግን ዓይኑን ከልሏል። ከምኑ ነው የከለለው?" መነጽራቸውን አወለቁ። "እኔ ዕድሜዬን በሙሉ ሰው ስለካ ነው የኖርኩት። የሰው ሱፍ ተውሶ የለበሰና በራሱ ሱፍ ውስጥ የቆመ ከትከሻው ነው የሚለየው። ይሄ ሰውዬ የተቀመጠው በራሱ ቦታ ነው።" ፎቶውን ለሽማግሌው መለሱላቸው። "ደርሰሃል። ሚሌ ላይ አልተመለስክም።"

ሽማግሌው ፎቶውን ተቀበሉ። "ስንት ዓመት ነው ይሄንኑ ስልህ የኖርኩት?"

"ስትለኝ መች አየሁህ" አሉ ልብስ ሰፊውና እጃቸውን ወደ ዳማው ሰደዱ። ቆርኪያቸው አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጊዜ ዘለለ። "በል እነዚህን ደግሞ በላሁህ።"

ስሄድ ልብስ ሰፊው እስከ መንገዱ ሸኙኝ። ግራና ቀኝ ካዩ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ያ ውሃ አሁንም አለ?" አሉኝ።

"አለ። አሰብ ልውሰድዎት?"

"ምን ሆኜ! ሙቀት አልወድም። የሚቀዘቅዝ አገር የለሽም?"

ልወስዳቸው አስቤ ነበር፤ ሁለት ጊዜ ቀጠሮ ይዘን ሁለቱንም ጊዜ ጉም ጠፋ። ጥቅምት ላይ ውሃው በፓምፕ ወጣ፣ ኅዳር ላይ ብረቱ ቆመ፣ አሁን ባሕሩ የነበረበት ቦታ ሦስተኛ ፎቅ ደርሷል። ልብስ ሰፊውን በመጨረሻ ያነሳኋቸው የባለቤቴ ሱቅ ፊት ለፊት በረዶ በወረደ ቀን ነው፤ የነዶ ክምር የሚያህል ካፖርት ለብሰው ነጭ መሬት ላይ ቆመዋል። የትኛው አገር እንደሆነ አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

የአሰቡ ፎቶ በሽማግሌው ሳሎን ከቴሌቪዥኑ በላይ ተሰቅሏል። አልፎ አልፎ ሻይ ስንጠጣ እንግዳ ይመጣና ቀና ብሎ ያየዋል።

"ይሄ መቼ ነው?" ይላል።

"ድሮ ነው" ይላሉ ጋሼ።

"አምና ነሐሴ ነው" ይላሉ እትዬ።

እንግዳው ግራ ተጋብቶ አንዴ አንዱን አንዴ ሌላውን ያያል። እትዬ የሻዩን ስኒ እየሞሉለት፣ ራሳቸው ሄደው እንዳዩት ሰው ረጋ ብለው ያስረዱታል።

"ሲያወሩ ሙቀት ነው ይላሉ። ውሸታቸውን ነው። አሰብ ብርድ ነው።"